ከቅዳሴ መልስ የሚደርስ የዳምፕሊንግ ሾርባ

ደብረ ማርቆስ፣ ነሐሴ 9 ቀን

ጾመ ፍልሰታ ከገባ ወዲህ የቤታችን የምግብ ሰዓት የሚወሰነው በእናቴ ቅዳሴ ነው። እናቴ እህል በአፏ ሳይዞር ትውልና ቅዳሴው ተፈጽሞ፣ ጠበሉን ቀምሳ፣ በዝናብ የራሰ ነጠላዋን ሰብስባ ደጃፍ ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ይሆናል። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ጥርሷም እንደ ድሮው አይደለም። የነሐሴ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት በዚህ ከተማ፣ በባዶ ሆድ ላይ በርበሬ የበዛበት ወጥ ማቅረብ አላስቻለኝም። ስለዚህ በዚህ ሰሞን ደጋግሜ የምሠራላት፣ ለስላሳ ሊጥ በማንኪያ እየተጨለፈ ውስጡ የሚበስልበትን የምስርና የአትክልት ሾርባ ነው፤ በሌላው ዓለም የዳምፕሊንግ ሾርባ የሚባለውን።

ዳምፕሊንግ በሁለት ወገን ይከፈላል ቢባል ስሕተት አይሆንም። አንደኛው የቻይናው፣ የሩሲያው ፔልሜኒና የኔፓሉ ሞሞ ያሉበት ወገን ሲሆን፣ ሊጡ ስስ ሆኖ ተዳምጦ በውስጡ ሥጋ ወይም አትክልት ይጠቀለልበታል፤ ይህ ብዙ እጅና ብዙ ጊዜ ይፈልጋል፤ በቻይና ቤተሰብ ለአዲስ ዓመት ተሰብስቦ የሚጠቀልለውም ለዚሁ ነው። ሁለተኛው ወገን ምንም የማይጠቀለልበት፣ ሊጡ እንዳለ ወደ ፈላ ሾርባ የሚገባበት ነው። በእኛም አገር የትግራዩ ጥሕሎ ሊጥን በድቡልቡሉ ከወጥ ጋር የማገናኘት ምግብ ነው፤ ነገር ግን ዱቄቱ አስቀድሞ ከተቆላ ገብስ ስለሚዘጋጅ ከወጡ ውስጥ አይቀቀልም። እኔ የምሠራው ሁለተኛውን ወገን ነው።

ሾርባውን የምጀምረው በኑግ ዘይት ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት በደንብ ካጋልኩ በኋላ አንድ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፌ አቁላላለሁ፤ ሽንኩርቱ መልኩ ሳይጠቁር ቢለሰልስ ይበቃዋል፤ ሾርባ የወጥን ያህል ቁሌት አይፈልግም። የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ በማንኪያ ጫፍ እርድ፣ ከዚያም ታጥቦ የተዘጋጀ ግማሽ ብርጭቆ ክክ ምስር፣ ካሮትና ድንች አስከትዬ ስድስት ብርጭቆ ያህል የፈላ ውኃ እቸልስበታለሁ። ድንቹ ከባቄላ ፍሬ ብዙ ሳይበልጥ መከተፍ አለበት፤ ተለቅ ተለቅ ብሎ ከገባ ምስሩ ፈርሶ አልቆ እሱ ገና ጥሬ ሆኖ ይጠብቃል። ጨው የምጨምረው ምስሩ ከፈረሰ በኋላ ነው። በርበሬ አልጨምርም። ቃሪያ የሚወድ ሰው ሰንጥቆ በየሳህኑ ላይ ቢያደርግ የሁሉም ሆድ ይከበራል።

የዚህ ምግብ ፍጥነት ያለው ግን ሊጡ ላይ ነው። የጤፍ ሊጥ ለእንጀራ እስኪደርስ ሁለት ሦስት ቀን ይቦካል፤ ድፎ ዳቦም ታሽቶ ኩፍ እስኪል ድረስ ግማሽ ቀን ያስጠብቃል። የሾርባው ሊጥ መታሸትንም ሆነ መዋልን አይሻም። ማታ ከመተኛቴ በፊት አንድ ብርጭቆ ፉርኖ ዱቄት በወንፊት ነፍቼ፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ከሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር አደባልቄ፣ ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ አስቀምጠዋለሁ። ከጮቄ ተራራ በኩል የመጣ ደረቅ ጦስኝ በቤት ካለ በመዳፌ አሽቼ እበትንበታለሁ፤ የሾርባው ሽታ ከደጅ ጀምሮ ሰው የሚቀበለው በእሱ ነው። ሾርባው ተንተክትኮ ድንቹ ሲበስል ዱቄቱን በሳህን ገልብጬ፣ መካከሉን ጎድጎድ አድርጌ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ግማሽ ብርጭቆ ያልሞላ ቀዝቃዛ ውኃ አፈስበትና በሹካ ጥቂት ጊዜ አዟዙሬው ዱቄቱ እንደራሰ እጄን እሰበስባለሁ። ሊጡ ጎርበጥበጥ ብሎ፣ ማንኪያ ላይ ሲያዝ የማይፈስ፣ ሲገፋ ግን በቀስታ የሚወርድ መሆን አለበት።

እንዲህ በችኮላ መለወሱ ምክንያት አለው። የስንዴ ዱቄት በታሸ ቁጥር በውስጡ ያለው ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን እየተሳሰረና እየጠነከረ ይሄዳል። ለዳቦ ይህ ትስስር ግድ ነው፤ አየሩን ይዞ የሚያቆመው እሱ ነውና። ሾርባ ውስጥ ለሚገባ ሊጥ ግን ጠላቱ ነው፤ ጥርስ ለደከመ ሰው በፍጹም የማይመች፣ ሲታኘክ የሚውል ነገር ያደርገዋል። ቤኪንግ ፓውደሩም ሥራውን የሚጀምረው ውኃ እንደነካው ነውና የራሰ ሊጥ አይቀመጥም፤ ወዲያው ወደ ድስቱ ይገባል። ዱቄቱን ከማታ በደረቁ ማዘጋጀት እንጂ ከማታ ማርጠብ የማይቻለው ለዚህ ነው።

ስለ ከፍታም ልጽፍ እፈልጋለሁ፤ የምግብ አሠራር የሚያስተምሩ አብዛኞቹ ሰዎች ለቆላና ለባሕር ዳርቻ ሰው እንደሚናገሩ ሆነው ይህን ያልፉታልና። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ባለችው ባሕር ዳር እንኳ ሙቀቱ ሁለት ዲግሪ ያህል ይጨምራል። እዚያ የምትኖረው እህቴ ይህንኑ ሾርባ ስትሠራ ምስሩ ቶሎ ይፈርስላታል፤ እኛ ዘንድ ጥቂት መታገሥ ያስፈልጋል። አየሩ ሳሳ ሲል ደግሞ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ የበለጠ ስለሚለጠጥ፣ በመመሪያ ከሚታዘዘው ቀነስ ማድረግ ይገባል፤ ከበዛ ሊጡ ቶሎ ያብጥና ተመልሶ ይሟሽሻል።

ሊጡን ለመጣል ማንኪያውን አስቀድሜ በትኩሱ ሾርባ አጠልቃለሁ፤ ያን ጊዜ ሊጡ ሳይጣበቅ ይወርዳል። አንዱ ጠብታ ሲገባ ከአትክልቱ መካከል ሰምጦ ይጠፋል፤ ጥቂት ቆይቶ ዳር ዳሩ ነጣ፣ ጀርባው ሰንጠቅ ሰንጠቅ ብሎ ብቅ ይላል፤ ከሥሩም ጥቃቅን አረፋ እየተከተለው ወደ ጎን ዘወር ይላል። ሁሉም ከገባ በኋላ ክዳኑን ንጹሕ ጨርቅ አልብሼ እከድናለሁ፤ ጨርቁ እንፋሎቱ ወደ ውኃ ተለውጦ ሊጡ ላይ እንዳይንጠባጠብ ይከለክላል። ጫፎቹ ግን እሳት እንዳይነካቸው ወደ ላይ መቋጠር አለባቸው። ከዚህ በኋላ 18 ደቂቃ ያህል ክዳኑ አይነሣም። ከላይ የተንሳፈፈው የሊጡ ገጽ የሚበስለው በሾርባው ሳይሆን በታፈነው እንፋሎት ነው፤ ክዳኑ ከተከፈተ እንፋሎቱ ይወጣል፤ ሊጡም ውስጡ ሳይበስል ይቀመጣል።

መብራት ሲጠፋ፣ በክረምት ደግሞ መጥፋቱ አይቀርም፣ ከአዊ በሚመጣው፣ ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ በሚከሰል ከሰል እሠራለሁ። ሊጡ ከገባ በኋላ ፍሙን አመድ አልብሼ አቀዘቅዘዋለሁ፤ ኃይለኛ ፍላት ሊጡን በትኖ ሾርባውን ወደ አጥሚት ይለውጠዋል። ጎመን ካለ በቀጭኑ ከትፌ ከሊጡ ጋር አብሬ እጥለዋለሁ፤ አረንጓዴነቱ እንዳለ ይደርሳል። ሲወጣ አንዱን በማንኪያ ለሁለት እከፍላለሁ፤ ውስጡ እንደ ዳቦ ዓይን ካወጣና ነጭ ጥሬ ሊጥ ካልታየበት በስሏል ማለት ነው።

እናቴ መጀመሪያ ላይ የጠየቀችኝ ጥያቄ የብዙ ቤት ጥያቄ ይመስለኛል፦ «እንጀራው የታለ?» በጎጃም፣ ለዚያውም የጤፍ አገር በሆነው፣ እንጀራ ያልቀረበበት ማዕድ ሰው እንዳልበላ የሚቆጠርበት ነው። ይህን አልንቅም፤ እኔም ያደግሁት በዚያው ነው። ነገር ግን በዚህ ሳህን ውስጥ ስንዴ አለ፣ ምስር አለ፣ ድንችና ጎመን አለ፤ ከእህልም፣ ከጥራጥሬም፣ ከአትክልትም የጎደለበት የለም። ቀኑን ሙሉ ጾሞ ለዋለ ሆድ ደግሞ ፈሳሽነቱና ሙቀቱ ራሱ በረከት ነው። እናቴ አሁን በስመ አብ ብላ ማዕዱን ከባረከች በኋላ ቀድማ መረቁን ትጠጣለች፤ ሊጡን በማንኪያ ጎን እየቆረሰች ቀስ ብላ ትበላለች። «ልጄ፣ ይሄ ሆድ አይከብድም፤ ነገም ይኸንኑ አድርግልን» ያለችኝ ትናንት ነው። አብሮን የሚጾመው የእህቴ ልጅ ስንት ፍሬ እንደደረሰው ይቆጥራል፤ የእኩሉን ያህል ለእሱ ሳወጣ ለአያቱ ማነሱን ይጠይቃል፤ ይህ ልጅ እንዲህ በመጾሙ ደስ ይለኛል። አንድ ሳህን ሁልጊዜ ለጎረቤታችን ይላካል፤ እሳቸውም ከቅዳሴ ሲመለሱ የሚቀበላቸው ሰው የላቸውም።

ነሐሴ 16 ቀን ጾሙ ሲፈታ ሊጡን በእንቁላልና በወተት ለመለወስ አስቤያለሁ። እንቁላሉ ራሱ ፈሳሽ ስለሆነ ወተቱ ከውኃው መጠን መቀነስ ይኖርበታል፤ ሾርባውም በዶሮ አጥንት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለዚህ ግን አጥንቱ አስቀድሞ መቀቀል ስላለበት የፈጣን ምግብነቱ ይቀራል። እስከዚያው የጾሙ ይበቃናል። የሚተርፍ ከሆነ ሊጡ ከሾርባው ወጥቶ ለብቻው ይቀመጥ፤ አብሮ ካደረ መረቁን ሁሉ ጠጥቶ ያብጥና ይፈራርሳል። በማግስቱ ሾርባው አንድ ብርጭቆ ውኃ ተጨምሮበት ሲፈላ፣ ሊጡ ተመልሶ ገብቶ ለጥቂት ደቂቃ ይከደናል።