ኃይልንና እንቅስቃሴን በብስክሌትና በታንኳ እንዴት እንዳስተማርሁ

ለሰፈሬ ልጆች የኃይልና የእንቅስቃሴን ምዕራፍ ሳስጠና ከሁሉ የበለጠ ያስቸገረኝ ቀመሩ ሳይሆን ልጆቹ አስቀድመው ይዘውት የሚመጡት እምነት ነበር። የተንከባለለ ኳስ ለምን እንደቆመ ስጠይቃቸው «ቲቸር፣ ኃይሉ ስላለቀበት ነው» ይሉኛል። ይህ የሚናቅ መልስ አይደለም፤ አርስጣጣሊስም የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ዘወትር አንቀሳቃሽ ያሻዋል ብሎ ያስተምር ነበር። ይህ አስተሳሰብ በጋሊሊዮ ሙከራዎችና ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተማቸው ሕጎች እስኪተካ ድረስ ብዙ ዘመን ቆይቷል። ስለዚህ የኒውተንን የመጀመሪያ ሕግ (የተጣራ ኃይል ካላረፈበት የቆመው እንደቆመ፣ የሚሄደውም በዚያው ፍጥነትና አቅጣጫ እንደሄደ ይቀጥላል የሚለውን) በቃል ከማስያዝ ይልቅ ልጆቹ ራሳቸው ለክተው እንዲፈርዱ ማድረግን መረጥሁ።

ባሕር ዳር ለዚህ የተመቸች ናት፤ መንገዷ ሜዳ ነው፣ ብስክሌትም የከተማዋ መታወቂያ ነው። መኪና በማይበዛበት አስፋልት ላይ በ10 ሜትር ርቀት ሁለት መስመሮችን በጠመኔ አሰመርን። ነጂው በመስመሮቹ መካከል ፍጥነቱን ሳይለውጥ ያልፋል፤ ሁለተኛውን መስመር ሲረግጥ ፔዳል መምታት ያቆማል፣ ፍሬንም አይነካም። አሥሩን ሜትር በ2.5 ሰከንድ ያለፈው ልጅ ፍጥነቱ በሰከንድ 4 ሜትር ነበር፤ የቆመውም 64 ሜትር ከሄደ በኋላ ነው። የፍጥነቱን ካሬ ለርቀቱ እጥፍ ስናካፍል ፍጥነቱ በየሰከንዱ በአማካይ በ0.125 ሜትር በሰከንድ ሲቀንስ እንደነበር አገኘን። የልጁና የብስክሌቱ መጠነ ቁስ በድምሩ 72 ኪሎ ግራም ስለነበር፣ ሁለቱን ስናባዛ ያቆመው ኃይል 9 ኒውተን (የኃይል መለኪያ) ያህል ነው ማለት ነው። በዚያው ፍጥነት ወደ ኮረኮንች መንገድ ሲገባ ግን በ20 ሜትር ቆመ፤ ኃይሉም ወደ 29 ኒውተን ከፍ አለ። ልጁ ያው፣ ብስክሌቱ ያው፣ ፍጥነቱም ያው ሆኖ ሳለ ርቀቱ በመንገዱ ምክንያት ከተለወጠ «ያለቀው ኃይል» የት እንደነበረ ማንም ሊያስረዳ አልቻለም። ሰበቃ (የሚነካኩ ነገሮች እንቅስቃሴን የሚቃወሙበት ኃይል) የሚለው ቃል ለልጆቹ ትርጉም ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ከዚህም ይከብዳል፤ ፍጥነቱ የማይለወጥ ነገር ኃይል እያረፈበት እንዴት የተጣራ ኃይሉ (የሚያርፉበት ኃይሎች ከነአቅጣጫቸው ተደምረው የሚሰጡት) ዜሮ ይሆናል? ለዚህ ወደ ጣና ዳር ወረድን። ከደንገል የተሠራ ታንኳ ያላቸውን አንድ አዛውንት «አባባ፣ ለትምህርት ነው» ብዬ ለመንኋቸው፤ በደስታ ፈቀዱልን። ሐይቁ ለብልሃርዚያ ስለሚያጋልጥ ልጆቹ ውኃው ውስጥ እንዳይገቡ ከልክዬ፣ በዳር ካለው የድንጋይ ጠርዝ ላይ ሆነን ታንኳውን በገመድ ሳብን። በገመዱ መካከል ከገበያ የገዛሁትን የሞላ ሚዛን አስገባሁ። ሚዛኑ በኪሎ ስለሚያነብ ንባቡን በ9.8 እያባዛን ወደ ኒውተን ቀየርነው። ከቆመበት ስናስነሳው መርፌው ዘለለ፤ እርምጃችንን እኩል አድርገን ስንጓዝ ዝቅ ብሎ ረጋ። የረጋው ንባብ ዜሮ አለመሆኑን ሲያዩ፣ እኛ የምንስብበት ኃይልና የውኃው ተቃውሞ እኩል ስለሆኑ ፍጥነቱ እንደማይለወጥ ራሳቸው ደረሱበት።

አዛውንቱ አንድ ነገር ጨመሩልን። ደንገል ውኃ ስለሚጠጣ ታንኳው ከሥራ በኋላ ካልደረቀ ለማስነሳትም ለማቆምም እንደሚያስቸግር ነገሩን። ሁለተኛውን ሕግ ከዚህ የተሻለ የሚገልጽ ምሳሌ አላውቅም፦ መጠነ ቁሱ ሲጨምር በዚያው ኃይል የሚገኘው ሽምጠት (ፍጥነት በየሰከንዱ የሚለወጥበት መጠን) ይቀንሳል።

በሦስተኛው ሕግ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ወሰድን። ከታንኳ ወደ ዳር ሲረገጥ ታንኳው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ወደ ዘጌ ከሚመላለሰው ትልቅ የሞተር ጀልባ ሲወረድ ግን ጀልባው የሚንቀሳቀስ አይመስልም። ልጆቹ «ጀልባው አይገፋም ማለት ነው» አሉ። ሁለት የተለያዩ ሥዕሎች አሣልኋቸው፤ በአንዱ በሰውየው ላይ የሚያርፉትን ኃይሎች ብቻ፣ በሌላው በጀልባው ላይ የሚያርፉትን ብቻ። እግሩና ጀልባው የሚገፋፉበት ኃይል እኩልና ተቃራኒ ቢሆንም የሚያርፈው በሁለት የተለያዩ አካላት ላይ ስለሆነ አንዱ ሌላውን አያጠፋም፤ የጀልባው መጠነ ቁስ ብዙ ስለሆነ ደግሞ ሽምጠቱ ለዓይን አይታይም። አሁን ማንኛውንም የኃይል ጥያቄ ስንጀምር ቀመር ከመጻፋችን በፊት «የሚገፋው ማን ነው? የሚገፋውስ ማንን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ሁለቱን ስም ያልጠቀሰ ልጅም ወደ ስሌቱ አያልፍም።