«ሰምተዋል ብዬ ነው»

ኤልኤስቲ 515 ረጅም ዕድሜ የሠራች ታንክ አውራጅ መርከብ ናት። እ.ኤ.አ. በ1944 መጀመሪያ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተቀበላት፤ በ1955 ካዶ ፓሪሽ የሚል ስም ወጣላት፤ በ1969 ለፊሊፒንስ ተላለፈች። ከዚህ ሁሉ አገልግሎት የሚያንገበግበው ኤፕሪል 28 ቀን 1944 ሌሊት ነው።

ስምንት ኤልኤስቲዎች ለኖርማንዲ ወረራ (ጀርመን በያዘችው የፈረንሳይ ጠረፍ ላይ ጦር ለማሳረፍ ለታቀደው) ልምምድ፣ በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ ላይም በተባለ ባሕረ ሰላጤ አድርገው ወደ ስላፕተን ዳርቻ ይጓዛሉ። ፍጥነታቸው ቢገፋ 12 ኖት (በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ገደማ) ነው፤ ሆዳቸው ነዳጅ በሞላ ተሽከርካሪ ታጭቋል። ከሁለቱ የእንግሊዝ አጃቢ የጦር መርከቦች ሲሚታር ተጋጭታ ለጥገና ወደብ ቀርታለች፤ ያለችው አዛሊያ ብቻ ናት።

የጀርመን ፈጣን ቶርፒዶ ጀልባዎች መኖራቸውን አዛሊያ በሬዲዮ ሰማች። ለኤልኤስቲዎቹ ግን አልነገረችም፤ አዛዡ እነሱም ሰምተዋል ብሎ ነበር። እነሱ ደግሞ የሚያዳምጡት ሌላ ፍሪኩዌንሲ ነው፤ የትእዛዙ ወረቀት ላይ ቁጥሩ ሲተየብ ተሳስቷል። እንግዲህ ሁለቱም ወገን ጆሮውን ሬዲዮ ላይ ጥሎ፣ ሁለቱም ሥራውን በደንብ እየሠራ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ጉድ ሲፈላ «ሰምተዋል ብዬ ነው» የምትባለው ነገር ባሕር ላይም አለች። መልእክቱ ደርሶህ እንደሆነ መልስልኝ ማለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ጀርመኖቹ ደረሱ። ከኤልኤስቲዎቹ 507 በቶርፒዶ ተመትታ ነደደች። 531 በደቂቃዎች ውስጥ ሰጠመች። 289 የኋላ አካሏ ተቀጥቅጦ ዳርትማውዝ ገባች። የሟቹ ቁጥር 749 ተብሎ ይጠቀሳል፤ ሁሉም ግን በቶርፒዶ አልሞተም። ወታደሩ በአየር የሚነፋውን የመንሳፈፊያ ቀበቶ ብብቱ ሥር ማሰር ሲገባው፣ የጀርባ ጓዙ ቦታ ስለያዘበት ወገቡ ላይ ታጠቀው። ቀበቶው ሲነፋ ወገቡን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ከላይ ያለው ጓዝ ይከብዳል፤ ሰውየው ይገለበጥና ራሱ ውሃ ውስጥ፣ እግሩ ሽቅብ ይሆናል። ቀበቶው ምንም አልተበላሸም። አስተሳሰሩን ያሳየ ሰው ነው የጠፋው። ሌላውን ብርዱ ጨረሰው።

የቀሩት መርከቦች ወደ ዳርቻ እንዲቀጥሉ ታዘዙ። የ515 ካፒቴን ጆን ዶይል ግን መርከቡን አዙሮ ተመለሰ፤ ጀልባዎቹን አውርዶ ከመቶ በላይ ሰው ከውሃ ለቀመ።

ከዚያ በኋላ ፍሪኩዌንሲው አንድ ሆነ፣ የቀበቶው አስተሳሰር ልምምድ ተጠናከረ፤ ለኖርማንዲም ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው የሚለቅሙ ትንንሽ ጀልባዎች ተመደቡ። ያን ሌሊት ይህን ሥራ የሠራው ትእዛዝ ያልሰማው ዶይል ነበር።