ከቦሌ እስከ ደለስ ስንት ሰዓት ነው?

እናቴ ከአዲስ አበባ ወደ እኛ፣ አሜሪካ ዋሽንግተን አጠገብ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልትመጣ ነበር። «ስንት ሰዓት ነው የምቀመጠው?» ስትለኝ በግምት መመለስ አልፈለግኩም። ጉልበቷን ያማታል፣ መድኃኒትም በሰዓቱ ትወስዳለች።

መጀመሪያ ርቀቱን ለካሁ። ጎግል ኧርዝ ላይ ካለው መለኪያ አንዱን ጫፍ ቦሌ፣ ሌላውን ደለስ (የዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ) ላይ ሳደርግ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ አለኝ። የገረመኝ ግን መስመሩ ነው። የግድግዳ ካርታ ካያችሁ አውሮፕላኑ ሰሐራን ሰንጥቆ በቀጥታ አትላንቲክ ላይ የሚወጣ ይመስላል። መሬት ክብ ስለሆነች አጭሩ መንገድ ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ በአውሮፓ በኩል ነው የሚያልፈው። የእናቴ በረራ ነዳጅ ለመቅዳት ደብሊን ያርፍ ነበር። ሁለቱን ጉዞ ለየብቻ ለክቼ ስደምረው 11,830 ግድም ሆነ። አየርላንድ ድረስ ተሂዶ ጭማሪው 270 ኪሎ ሜትር ብቻ! በቶጎዋ ከተማ በሎሜ በኩል ቢሆን ከ12,700 ያልፋል።

ለምን ይቆማል? ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ደለስ ደግሞ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ለዚህ ነው በመልሱ ሳይቆም አዲስ አበባ የሚገባው። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስም ወደ አሜሪካ ስንመጣ ከፊት እየገፋ ያዘገየናል፣ ስንመለስ ያግዘናል። መልሱ 13 ሰዓት አካባቢ ነው።

ሰው የሚሳሳተው ትኬቱ ላይ ነው። የእናቴ ትኬት መነሻ 22:30፣ መድረሻ በማግስቱ 08:30 ይላል። ቀንሱት፣ 10 ሰዓት ነው። ኧረ ተዉ! ሁለቱም የየአገሩ ሰዓት ነው። በአሜሪካ በጋ (በእኛ ክረምት) የሰዓቱ ልዩነት 7 ስለሆነ ሲደመር 17 ይሆናል፣ የደብሊኑን ቆይታ ጨምሮ። አሜሪካኖች ኖቬምበር መግቢያ (በእኛ ጥቅምት መጨረሻ) ላይ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ልዩነቱ 8 ይገባል። ስለዚህ የጉዞውን ቀን ሳታዩ አትደምሩ።

ለእሷ ይሄን ሁሉ አላስረዳሁም። «እማዬ፣ የእጅ ሰዓትሽን አትንኪው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ትነሻለሽ፣ በማግስቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ሲል ትደርሻለሽ» አልኳት። መድኃኒቷንም በዚያው ሰዓት ወሰደች።

ለተቀባይ ደግሞ ሌላ ሂሳብ አለ። አውሮፕላኑ አረፈ ማለት ሰው ወጣ ማለት አይደለም። ኢሚግሬሽን፣ ሻንጣ፣ ጉምሩክ አለ። በተለይ በርበሬና ሽሮ የተሸከመ ሻንጣ ከሆነ ቆይታው ይረዝማል። እኔ ስልክ እስክትደውል ድረስ መኪናዬን ወደ ፓርኪንግ አላስገባሁም፤ በነፃ የሚጠበቅበት የስልክ መጠበቂያ ቦታ አለ።