ዚፑ ብቻ ይቀየር

ዛሬ የጃኬቴ ዚፕ ስለተበላሸ እዚህ አሜሪካ፣ ዴንቨር ወዳለው ፓታጎኒያ የተባለ የልብስ ኩባንያ ሱቅ ይዤው ሄድኩ። ሻጩ አዲስ ልሽጥልህ አላለኝም። «ይጠገናል» ብሎ ተቀበለኝ። በጣም ደስ አለኝ!

ይሄ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ «ይህን ጃኬት አትግዙ» የሚል ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር። ያውም አሜሪካ ሁሉ ለቅናሽ በሚሻማበት በብላክ ፍራይደይ ዕለት። ጃኬቱን ለመሥራት 135 ሊትር ውኃ እንደሚፈጅ እዚያው ጽፏል። ስለ ራሱ ዕቃ ነው እንግዲህ! እርግጥ ዛሬም ጃኬት ይሸጣል፤ ፖሊስተር የሚባለውን ሰው ሠራሽ ጨርቅም ይጠቀማል። ግን የሚያደርሰውን ጉዳት በቁጥር የሚናገር ነጋዴ ብርቅ ነው።

አገር ቤት ልብስ ሰፊ ጋ ዚፕ ማስቀየር የተለመደ ነው። እዚህ ብዙ ጊዜ ቀጥታ ወደ ቆሻሻ ነው። ሌሎቹ የልብስ ሱቆችስ ጥግ ላይ አንድ የስፌት መኪና ቢያስቀምጡ ምን አለበት?