ሠላሳ ቀን ቪዛ፣ አርባ ቀን ሐዘን

ከቶሮንቶ ስነሳ የያዝኩት ቪዛ የሠላሳ ቀን ነው። አክስቴ ያረፈችው ጥቅምት 1 ስለሆነ አርባዋ ኅዳር 10 ይውላል። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነው።

እቴቴ የአባቴ ታላቅ እህት ነበረች። አባቴ በሥራ ምክንያት ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ሲዛወር፣ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ከልጆቿ ጋር አብራ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስልክ የደወለልኝ ሰው እንደ አገሩ ደንብ «ሞተች» አላለኝም። «ትንሽ አሟት ነበር፣ ብትመጣ ጥሩ ነው» አለኝ። ይህች አነጋገር ምን ማለት እንደሆነች የማያውቅ ያገሬ ልጅ የለም። በዚያው ሌሊት የካናዳ ፓስፖርቴን አውጥቼ የኢንተርኔት ቪዛውን ቅጽ መሙላት ጀመርኩ።

የቱሪስት ቪዛው የ30 ቀንና የ90 ቀን ተብሎ ነው የሚሰጠው። ከመሥሪያ ቤቴ ያገኘሁት ፈቃድ ሦስት ሳምንት ስለነበር አጭሩን መረጥኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ቦሌ ከረገጡበት ሳይሆን ቅጹ ላይ «የምገባበት ቀን» ብለው ከሞሉት ነው። የእኔ በረራ አንድ ቀን ዘገየ፤ ቪዛዬ ያለ እኔ አንድ ቀን አዲስ አበባ አደረ ማለት ነው።

ስደርስ ሠልስቱ አልፏል። እድሩ ድንኳኑን ነቅሎ፣ ወንበሩን ቆጥሮ ወስዷል። የቀረው ሰው ግን ብዙ ነው። ከደብረ ብርሃን የመጡ ዘመዶች ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ላይ ተኝተዋል፤ ማታ ማታ ጎረቤት ሻይና ዳቦ ይዞ ይመጣል። ሰባቷን እንዳወጣን የአርባው ነገር ተነሣ። ማን ጠላ ይጥመቅ፣ ማን ሽንኩርት ያምጣ፣ ለካህናቱ ማን ይንገር እየተባለ ሲደለደል የእኔም ስም ተጠራ። «አንተማ ልጇ ነህ፣ ፊት ለፊት ነው የምትቆመው» አሉኝ። ለአለቃዬ ደውዬ ነገሩን ሳስረዳው ቀሪውን ያለ ደሞዝ ፈቀደልኝ። ስለዚህ የቀረው ቪዛው ነው።

የአክስቴ ልጅ፣ ከእቴቴ ልጆች የመጨረሻዋ፣ ማስታወቂያ የበዛበትን የግድግዳ መቁጠሪያ አውርዳ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። የፈረንጁ ቀን በትንንሹ ጥግ ጥጉ ላይ ተጽፎበታል። ቪዛዬ የሚያበቃው ኖቬምበር 13 ነው፤ ጣቷን ይዛ ሄደች፣ ኅዳር 4 ላይ ቆመ። አርባው ኅዳር 10። በእስክሪብቶ ሁለቱንም ከበበቻቸውና «ስድስት ቀን» አለች፣ ሽሮ እንደጎደላት ሴት።

አንዱ ዘመድ «አርባውን ትንሽ ወደፊት ብናመጣውስ?» ብሎ ነበር። የቤቱ የንስሐ አባት መቁጠሪያውን እንኳ ሳያዩ «አርባ አርባ ነው፣ ልጄ» አሉት። ወደኋላ እንግፋው እንዳይባል ደግሞ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፤ ዶሮውና በጉ ሊቀር ነው። ስለዚህ የሚንቀሳቀሰው እኔ ነኝ እንጂ ቀኑ አይደለም።

ምክር እንደ ጎርፍ መጣ። አንድ ጎረቤት «ስድስት ቀን ምን አላት? ቦሌ ላይ ቅጣቱን ወርወር አድርገህ መውጣት ነው» አለኝ። ቅጣቱ በቀን የሚቆጠር፣ በዶላር የሚተመን ነው፤ ገንዘቡ ባይከብድ እንኳ ሻንጣ አስገብቶ፣ ሰው ተሰናብቶ፣ ከዚያ «ወደዚህ ይምጡ» መባል አለ። በረራ ደርሶብኝ ስለ ቅጣት ከምከራከር በሥራ ቀን ሄጄ ብሰለፍ ይሻለኛል። ሌላው ደግሞ «ናይሮቢ ደርሰህ ተመለስ» አለ። እሱ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ስለሚያስበው ነው፤ ለኢትዮጵያዊ ኬንያ ያለ ቪዛ ይገባል። እኔ ለኬንያም ሌላ ፈቃድ ማውጣት፣ ለመመለሻም አዲስ ቪዛ መክፈል ሊኖርብኝ ነው። ለተዝካር ብሎ አውሮፕላን ላይ ሲመላለስ የሚከርም ሰው ደግሞ ሽንኩርቱን መቼ ይልጣል?

ከሁሉ የበዛው ምክር ግን «ቢጫ ካርድ» ነበር። እውነት ነው፤ በዐዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ የያዘ ሰው ለመግባትም ለመኖርም ቪዛ አይጠየቅም። መምረጥና መመረጥ፣ መከላከያና ደኅንነት ውስጥ መቀጠር አይችልም እንጂ ሌላው ሌላው ለኢትዮጵያዊ የቀረበ ነው። የዜግነት ዐዋጁ፣ 378/1996፣ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል ስለሚል፣ ካርዱ የተፈጠረው እንደ እኔ ላለው መሃል ላይ ለቀረ ሰው ነው። እንደ እኔ በየስንት ዓመቱ ብቅ ለሚል ቪዛው ያዋጣል ብዬ ነው እስካሁን ያላወጣሁት። ወላጆቹ እዚህ የሚጦሩ፣ ቤት የሚሠራ ወይም ንግድ ያለው ግን ካርዱን ባያወጣ ይገርመኛል። ሆኖም የትውልድ ማስረጃ ፍለጋ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሚጀመር ሥራ አይደለም።

ስለዚህ ማራዘም። ማመልከቻውን የጻፈችው የአክስቴ ልጅ ናት። ክፍለ ከተማ ውስጥ ዓመታት ስለሠራች እጇ ለደብዳቤ የተፈጠረ ነው። «ጉዳዩ፦ የቪዛ ማራዘሚያ ጥያቄን ይመለከታል» ብላ ከሥሩ መስመር አሰመረችበት። ቀጥላ «ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው» አለች። ለምን «ተሞከረው» እንደሚባል፣ ከተጠቀሰ ተጠቀሰ አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «አንተ ዝም በል፣ ይህች ከሌለች ደብዳቤ አይመስልም» አለችኝ። ምክንያቱን ስትጽፍ ግን እሷም ቆመች። «የቤተሰብ ጉዳይ» ይባል ወይስ «ተዝካር»? ብዙ ካሰበች በኋላ «የወላጅ አክስቴን የአርባ ቀን መታሰቢያ ለመፈጸም» ብላ ጻፈች። አንብባ ስትጨርስ ዓይኗ ሞላ፤ «ከሰላምታ ጋር» ብላ ዘጋችው።

ጠዋት ከተክለ ሃይማኖት በእግራችን ወረድን። ጥቁር አንበሳ ጋ ስንደርስ ከመንገዱ ማዶ የትግላችን ሐውልት ቆሟል። በ1977፣ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት፣ ሰሜን ኮሪያውያን ያገዙበት ሥራ ነው። ልጅ ሆኜ ከሥሩ ፎቶ የተነሣሁ ጊዜ በከተማው ትልቁ ነገር እሱ ይመስለኝ ነበር። አሁን ከበስተደቡብ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ የንግድ ባንክ ሕንፃ ከሁለት መቶ ሜትር በላይ ተመዝዞ ወጥቶ ሁሉን አሳጥሮታል። ቸርችል ጎዳና በኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል። የአክስቴ ልጅ «ለተረከዝ ጫማ ተመችቷል» ከማለት ሌላ አስተያየት አልሰጠችም፤ የፒያሳን ፍርስራሽ ግን አንሥታ አትጠግብም።

ኢሚግሬሽን አካባቢ መድረስህን የምታውቀው በወጣቶቹ ነው። ሁሉም ፕላስቲክ ፋይል በብብቱ ይዟል። አብዛኛው የመጣው ፓስፖርት ለማውጣት ነው፤ ከገጠር የመጡ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች ሴት ልጆቻቸውን አጅበው ቆመዋል። አንዷ እናት ወደ አክስቴ ልጅ ጠጋ ብለው «እናንተስ የት ልትሄዱ ነው?» አሉን። «እኛስ መቅረት ፈልገን ነው፣ እናቴ» አለቻቸው። ሴትዮዋ ወደ ልጃቸው ዞረው «ሰማሽ? መቅረት የሚፈልግም አለ» አሏት። ልጅቷ አልሳቀችም። ዐረብ አገር ልትሄድ እንደሆነ በኋላ ነገሩን።

ከውጭ ያለው ገበያ የራሱ ዓለም ነው። በጃንጥላ ሥር ላፕቶፕ ይዞ «ፎርም እንሞላለን» የሚል አለ፤ ጉርድ ፎቶ የሚያነሣ አለ፤ ኮፒ ቤቱ አንድ በር ያላት፣ ሁለት ማሽን የታጨቀባት ጠባብ ክፍል ናት። ፓስፖርቴን ሰጠሁት። ልጁ ስልክ እያወራ ገልብጦ አስቀመጠው፣ ክዳኑን ሳይጫን ቁልፉን ነካ። የወጣው ወረቀት ላይ ፊቴ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከሥር ያሉት ሁለቱ የፊደልና የቁጥር መስመሮች ግን ግማሽ ለግማሽ ተቆርጠዋል። «ይህ ይበቃል፣ ጋሼ፣ ፊትህ አለ» አለኝ። የአክስቴ ልጅ ወረቀቱን ከእጄ ነጥቃ «ፊቱንማ እኛም እናውቀዋለን፣ ቁጥሩን ነው የፈለግነው» ስትለው ስልኩን ዘግቶ እንደገና አነሣው። ለሁለቱም ግን አስከፍሎናል።

በር ላይ አንድ ጸጉሩን በቅባት የለጠፈ ሰው ተከተለን። «ማራዘሚያ ነው? ወረፋ አያስፈልጋችሁም፣ ውስጥ ሰው አለኝ» አለ። «እኛም እግር አለን» አለችውና አለፈች። ያገሩን ሰው ይዞ መሄድ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለውጭ አገር ነዋሪዎች ሁሉ የምነግራቸው ለዚህ ነው። የራሱን አማርኛ የሚተማመነው ዲያስፖራ በደላላ እጅ ለመውደቅ ከፈረንጁ ይቀድማል፤ ፈረንጁ ቢያንስ ይጠራጠራል።

ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው የጋና ነጋዴ ነበር። አፍሪካውያን ቦሌ ሲደርሱ ቪዛ እንዲያገኙ ከ2011 ጀምሮ ስለተፈቀደ እሱ ያለ ምንም ቅድመ ዝግጅት ነው የመጣው። ቪዛዬን ከአገሬ ሳልወጣ እንደሞላሁ ስነግረው በሐዘኔታ አየኝ። እኔ እዚህ መወለዴን ስነግረው ደግሞ የበለጠ ግራ ገባው።

ተራችን ደርሶ መስኮቱ ጋ ስንቀርብ የተቀመጠችው ወጣት ናት። ፓስፖርቱን አይታ በእንግሊዝኛ ጀመረች፤ ስሜ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ «አማርኛ ይችላሉ?» አለችኝ። ማመልከቻውን ሰጠኋት። ከራስጌው ጀምራ ነው ያነበበችው፣ «ለመጥቀስ እንደተሞከረው»ን ጨምሮ። ሦስተኛው መስመር ላይ ወረቀቱን ዝቅ አደረገችና «ነፍስ ይማር» አለች። እኛም «አሜን» አልን። ከኋላችን የቆመው ጋናዊ ምን እንደተባለ ሳይገባው ራሱን ነቀነቀ።

«አርባው መቼ ነው የሚውለው?»

«ኅዳር 10» አለች የአክስቴ ልጅ ቀድማኝ።

ልጅቷ የቪዛዬን ቀን አየች፣ በጣቷ አንጓ ቆጠረች፣ «ሳያልፍ መምጣታችሁ ጥሩ ነው» አለች። ከዚያ ያለው የተለመደው ነው። የምቆይበት አድራሻ ተጠየቀ። የእቴቴ ቤት ቁጥር ወረቀቱ ላይ «አዲስ» ነው የሚለው፤ እኔ ከመወለዴ በፊት የተሠራ ቤት ነው። ልጅቷ ምንም አልመሰላትም፤ ጻፈችው። ክፍያው ተነገረኝ፣ ከፈልኩ፣ ጥቂት ቀን ቆይተን እንድንመለስ ተባልን። ተመልሰን ወሰድነው። ሠላሳ ቀን ተጨምሮልኛል፤ ኅዳር 4 የነበረው ታኅሣሥ 4 ሆነ።

የወሰድን ዕለት የአክስቴ ልጅ «ማኪያቶ ትጋብዘኛለህ» ብላ ወደ ብሔራዊ ቲያትር ወሰደችኝ። በ1948 ለንጉሡ የኢዮቤልዩ በዓል የተተከለው የድንጋይ አንበሳ እዚያው ነው። ሥሩ ሁለት ተማሪዎች ተቃቅፈው ፎቶ ይነሣሉ። ማኪያቶው ደህና ነው፤ ኬኩን ግን አልመክርም። ተቀምጠን የተዝካሩን ዝርዝር ሠራን። ስንት ኪሎ በርበሬ፣ የእድሩ ድስትና ወንበር፣ ለካህናቱ ስንት ሰው እንደሚታሰብ። እኔ ያንን ሁሉ በካናዳ ዶላር ስመነዝር ብሩ ገበያ ላይ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ስሌቱ ለእኔ ቀለለኝ፣ ለእሷ ከበዳት። ይህን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም።

ቤት ስንገባ አጎቴ በረንዳ ላይ ይጠብቁናል። ሌላው ሁሉ ስለ ሽንኩርት ያወራል፤ እሳቸው ስለ ቪዛ ብቻ ነው የሚያስቡት።

«ሰጡህ?»

«አዎ፣ ሠላሳ ቀን ጨመሩልኝ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ታኅሣሥ 4።»

በጣታቸው ቆጠሩ። እኔ ትኬቴን ለኅዳር 13 አዛውሬ ነበር፤ አርባው አልፎ፣ ሚካኤልን ተሳልሜ ልሄድ። ያንን ስነግራቸው ተቆጡ። «መንግሥት ‘ተቀመጥ’ ያለህን አንተ ምን ያስቸኩልሃል? እስከዛሬ ‘ቪዛዬ’ ነበር የምትለን፤ ይኸው ቪዛህ።» እስከዚያ ቀን ድረስ ከማንኛውም ግብዣ ያመለጥኩት በዚያች ሰበብ መሆኑ እውነት ነው። ሥራ አለብኝ አልኳቸው። ሥራ እዚህም ሞልቷል አሉኝ፣ ወደ ሽንኩርቱ ጆንያ እየጠቆሙ።

ከዚያ ወደ አክስቴ ልጅ ዞሩ። «ስሚ እስቲ፣ ገና ታኅሣሥ 29 አይደል? ሁለተኛ ጊዜ አያራዝሙለትም?»

እኔ አፌን ሳልከፍት «ያራዝማሉ፣ ጋሼ» አለቻቸው። እስክሪብቶዋን ከቦርሳዋ እያወጣች ነበር።