ከደሴቷ በፊት የደሴቷን ጎን መምረጥ

ከባለቤቴ ጋር የብርድ ወራትን ለመሸሽ ሁለት ጊዜ ወደ አንዲት ደሴት ሄደናል፤ የመጀመሪያው ጉዞ ደክመን የተመለስንበት ሲሆን፣ ዕረፍት ብዬ የምጠራው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ደሴቷ ከሰሜን ምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ማዶ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያለችው፣ በስፔን ሥር የምትተዳደረው ቴነሪፌ ናት። በ28 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ፣ አብዛኛው አውሮፓ በሚንቀጠቀጥበት በጃንዋሪ ወር እንኳ በባሕር ዳርቻዋ የቀኑ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል። መጀመሪያ ያነበብሁት ይህን ቁጥር ብቻ ስለነበር፣ ደሴት ደሴት ነው ብዬ በፎቶግራፍ ያማረኝን ሆቴል ሰሜን ጠረፍ ላይ፣ ፖርቶ ዴ ላ ክሩዝ ከተማ ውስጥ ያዝሁ።

ስንደርስ ሰማዩ ደመና ነበር፤ በማግሥቱም፣ በሦስተኛው ቀንም እንደዚያው ሆነ። በረንዳው ላይ የሰቀልሁት የዋና ፎጣ ሁለት ቀን ሙሉ ተንጠልጥሎ አልደርቅ ሲል ባለቤቴ ጫፉን በሁለት ጣቱ ጨመቅ አድርጎ፣ «ፀሐይ ፍለጋ መጥተን ፎጣ ማድረቅ ያቅተን?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ሆቴሉን የመረጥሁት እኔ ነኝ።

ምክንያቱን ያወቅሁት ከተመለስን በኋላ ነው። ከሰሜን ምሥራቅ ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል የሚነፍሰው ነፋስ ከውቅያኖሱ እርጥበት ተሸክሞ ይመጣና 3,715 ሜትር ከፍታ ካለው የቴይዴ ተራራና ከተያያዙት ሸንተረሮች ጋር ሲጋጭ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል። ሰሜኑ ለምለም የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ደቡቡ ግን በተራራው ጀርባ ስለተከለለ ደረቅና ፀሐያማ ነው። ሰሜኑን እያጣጣልሁ አይደለም፤ በእግር መጓዝና የሙዝ እርሻ ማየት ለሚወድ ሰው ከደቡቡ ይልቅ እሱን እመርጥለታለሁ። እኛ ግን የሄድነው ፀሐይ ላይ ለመጋደም ነበር። በዚያ ላይ ደሴቷ አንዱ በሰሜን፣ ሌላው በደቡብ የሆኑ ሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች እንዳሏት ሳላስተውል ርካሹን በረራ በመግዛቴ በደቡቡ አረፍንና ከአንድ ሰዓት በላይ በጨለማ ተጉዘን ሆቴላችን ደረስን።

ለሁለተኛው ጉዞ ካርታ ከመክፈቴ በፊት እያንዳንዳችን ዕረፍት የምንለውን ነገር ሳንነጋገር በየወረቀታችን እንድንጽፍ ባለቤቴን ጠየቅሁት። እኔ «ዋና፣ ትንሽ መንገድ፣ አንድ ተራራ» አልሁ። የእሱ ወረቀት ላይ የነበረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ማንም እንዳይቀሰቅሰኝ።» ባለፈው ጉዞ ለምን እንደተኳረፍን ያን ጊዜ ገባኝ፤ በየማለዳው በ1 ሰዓት ከአልጋው ስጎትተው የነበርሁት እኔ ነበርሁ። ስለዚህ ሰባቱንም ሌሊት በአንድ ሆቴል ለማደር፣ ከቀትር በፊት ምንም ላለማቀድና በቀን ከአንድ ነገር በላይ ላለመያዝ ተስማማን።

ጊዜውን ከጃንዋሪ አጋማሽ በኋላ አደረግሁት፤ የፈረንጆቹ ገናና የአዲስ ዓመት ግርግር ያበቃል፣ ሰብአ ሰገል የሚታሰቡበት የነገሥታቱ በዓልም ጃንዋሪ 6 ቀን ያልፋል፣ በደሴቷ ዋና ከተማ በሳንታ ክሩዝ የሚደረገው፣ ብዙ ሕዝብ የሚስበው የጎዳና ፌስቲቫል፣ ካርኒቫሉ ደግሞ ገና አልደረሰም። ሆቴሉን ደቡብ ጠረፍ ላይ፣ ሎስ ክሪስቲያኖስ አጠገብ ያዝሁ፤ በረራውንም ሆቴሉን ከመረጥሁ በኋላ ለደቡቡ ማረፊያ ገዛሁ። ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ፦ አየሩ ሞቃት ቢሆንም ባሕሩ በዚያ ወቅት 19 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እግር ነክሮ መሳቅ ይቻላል እንጂ ረጅም ሰዓት አያስዋኝም። ስለሆነም ቀብድ ከመክፈሌ በፊት የመዋኛ ገንዳው ውኃ በብርድ ወራት ይሞቅ እንደሆነ በጽሑፍ ጠየቅሁ። አንዱ ሆቴል የሰጠኝ መልስ «ፀሐይ ያሞቀዋል» የሚል ስለነበር ተውሁት።

የእኔ ተራራ ቴይዴ ነበር። በገመድ የሚሳበው መኪና እስከ 3,555 ሜትር ያወጣል፤ ከዚያ በላይ እስከ ጫፉ ለመሄድ አስቀድሞ የሚወሰድ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። እኛ ፈቃዱን አልፈለግንም። ነፋስ ሲበረታ አገልግሎቱ እንደሚቆም ስላነበብሁ በሦስተኛው ቀን ይዤ አምስተኛውን ባዶ ተውሁት፤ እንደ ፈራሁትም በሦስተኛው ቀን ተዘጋ፣ በአምስተኛው ወጣን። ታች በካናቴራ የነበርን ሰዎች እላይ ስንደርስ ጃኬታችን እስከ አንገት ተቆልፎ ጥርሳችን ይንገጫገጭ ነበር። በማግሥቱ ከሰሃራ የሚመጣው፣ እዚያ ካሊማ የሚሉት አቧራማ ነፋስ ሰማዩን ቢጫ አደረገው፤ ያ ቀን ምንም ስላልታቀደበት መጋረጃ ዘግተን ተኛን። ባለቤቴ ከጉዞው ሁሉ በላይ የሚያነሳው ይህን ቀን ነው።

በመጨረሻው ቀን ከሎስ ክሪስቲያኖስ በመርከብ አንድ ሰዓት ገደማ ወደምትርቀው ወደ ላ ጎሜራ ተሻገርን። ሰዎች ከሸለቆ ወደ ሸለቆ በፉጨት የሚነጋገሩባት ደሴት ናት፤ ይህን የፉጨት ቋንቋ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። አሳቤ በአውቶቡስ ጋራሆናይ ወደሚባለው ጥንታዊ ደን መውጣት ነበር። አውቶቡሱ መጥቶ በሩ ሲከፈት ዘወር ብዬ ባይ፣ ባለቤቴ ወደቡ አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ እንቅልፍ ወስዶታል። እጄን ወደ ትከሻው ዘረጋሁና መለስሁት። ሹፌሩ ጥቂት ጠብቆኝ በሩን ዘጋ። ጋራሆናይን እስከ ዛሬ አላየነውም።