አክታዬ ላይ ደም ያየሁ ጊዜ

ጥርሴን እየቦረሽኩ ነበር። አሳለኝና መታጠቢያው ላይ ተፋሁ። ቧንቧውን ልከፍት ስል አየሁት፤ ነጣ ባለው አክታ መሃል ቀጭን ቀይ ነገር፣ የስፌት ክር የሚያህል። ትንሽ አፍጥጬ ቆየሁና ውሃውን ለቀቅኩበት። በኋላ ሐኪም "ምን ይመስል ነበር?" ሲለኝ የማሳየው ነገር አልነበረኝም።

"ድዴ ነው" አልኩ ለራሴ። በማግስቱ ደግሞ "ጉሮሮዬ በሳል ብዛት ተልጦ ነው"። በሦስተኛው ቀን ጠፋ። ተገላገልኩ ብዬ ተውኩት። ሳሉ ግን አልተወኝም።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተመልሶ መጣ። አሁን ክር አይደለም፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሚሆን፣ ደማቅ ቀይ፣ አረፋ ያለበት። በዚህኛው ጊዜ በስልኬ ፎቶ አነሳሁትና ለእህቴ ደወልኩ። "እና ምን እየጠበቅክ ነው?" አለችኝ። እውነቱን ለመናገር የሚነገረኝን ፈርቼ ነው። ደም የቀላቀለ አክታ ሲባል ወዲያው የሚመጣብን ቲቢ ወይ ካንሰር ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ጉሮሮዬን አይተው አንቲባዮቲክ ሰጥተው ሸኙኝ። ራጅ የለ፣ የአክታ ምርመራ የለ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ፤ ሞኝነቴ! አንዳንዱ አንቲባዮቲክ የቲቢን ምልክት ለጊዜው አዳፍኖ ምርመራውን እንደሚያዘገይ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ደሙ ስላልቆመ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ዶክተሯ ገና ሳትነካኝ በጥያቄ አጣደፈችኝ። ነስር ነበረህ? ድድህ ይደማል? ሲያስመልስህ ነው ወይስ ስታስል? ከጨጓራ የሚመጣ ደም ብዙ ጊዜ ጠቆር ያለ፣ የቡና አተላ የሚመስል ነው፤ ከሳንባ የሚመጣው ከሳል ጋር ደማቅና አረፋማ ሆኖ ይወጣል። ፎቶውን ሳሳያት ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ቀጠለች። ሌሊት ያልብሃል? ከስተሃል? ታጨሳለህ? ደም ማቅጠኛ ትወስዳለህ? አንድ እግርህ አብጦ ያውቃል? ይሄኛው ግራ ገባኝ። ለካ እግር ውስጥ የረጋ ደም ተነስቶ ሳንባ ላይ ሲሰካም ደም ያስተፋል። በመጨረሻ "ልጅ ሆነህ ሳንባ ምች ይዞህ ነበር?" አለች። ሁለት ጊዜ፣ እናቴ ስታወራው ነው የማውቀው።

ለአክታ ምርመራ ዕቃ ሰጡኝ። ሞልቼ ብመልስ የላቦራቶሪው ልጅ በብርሃን አየት አድርጎ "ይሄ እኮ ምራቅ ነው" ብሎ መለሰኝ። በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ሳልበላ አፌን በንጹህ ውሃ ተጉመጠመጥኩ፣ በረጅሙ ተንፍሼ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ከዚያ ከሆዴ ጀምሬ አሳልኩ። ወፍራም ነገር ወጣ። ቲቢ የለም ተባልኩ። ራጁም ይህን ያህል የሚያሳስብ ነገር አላሳየም።

እኔ ወደ ቤት ለመሄድ ተነስቻለሁ። እሷ ግን "ራጁ ንጹህ ነው ማለት ደሙ ምክንያት የለውም ማለት አይደለም" ብላ ሲቲ ስካን አዘዘች። እዚያ ላይ ነው የተገኘው። የግራ ሳንባዬ የታችኛው ክፍል ላይ የአየር ቧንቧዎቹ ሰፍተው ቀርተዋል። ብሮንኪኤክታሲስ ይባላል፤ የልጅነት ሳንባ ምች ጠባሳ ሳይሆን አይቀርም። ጤነኛ ቧንቧ አክታውን ወደ ላይ ጠርጎ ያወጣል። የሰፋው ግን ያጠራቅማል፣ ጀርም ይራባበታል፣ ግድግዳው ላይ ያሉ ደም ስሮች ይቆጡና ይፈነዳሉ። የማይጠፋ ነገር ነው፤ ግን ይያዛል። በየቀኑ አክታ የማውጣት የትንፋሽ ልምምድ አለኝ። ኢንፌክሽን ሲነሳ ደግሞ አክታው ተመርምሮ ለጀርሙ የሚሆን መድኃኒት ይሰጠኛል።

"ደሙ ደግሞ ቢመጣስ ዶክተር?" አልኳት። ትንሽም ቢሆን፣ ቢቆምም፣ ሳልውል ሳላድር እንድደውልላት ነገረችኝ። ከጥቂት የሻይ ማንኪያ ካለፈ፣ ትንፋሽ ካጠረኝ፣ ደረቴን ከወጋኝ ወይም ካዞረኝ ግን ስልክም ቀጠሮም የለም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። "ሰው እስኪመጣልህ በግራ ጎንህ ተኛ" አለችኝ። የሚደማው ግራው ስለሆነ ወደዚያው ከተኛሁ ደሙ ወደ ጤነኛው ሳንባ አይፈስም። ደም ብዙ ሲሆን ቶሎ የሚገድለው መታፈኑ ነው አለች። ይህን የነገረችኝ በጣም ተረጋግታ ነው፤ እኔ ግን እጄን አልቦኝ ነበር።

ያንን ፎቶ አላጠፋሁትም። ባለፈው እህቴ የልጆቹን ፎቶ አሳየኝ ብላ ስልኬን ተቀብላ ስታገላብጥ ደረሰችበት። ስልኩን ሶፋው ላይ ወርውራ "አንተ ሰው ጤነኛ ነህ?" አለችኝ።